ደባሎቹን ያስወጣ ማመልከቻ ጸሐፊ

«ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ማመልከቻ እየጻፈ የሚተዳደር አንድ ሰው ነበረ።»

ይህን ያሉት መምህርት አሰገደች ናቸው። የሚሰማቸው ደግሞ የጤና ጣቢያው አዲስ ኃላፊ ነው፤ ልጅ ሳለ ፊደል ያስቆጠሩት። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጥ እስኪይዛቸው የሚቆዩበት ቤት አለ፤ የእናቶች ማቆያ ይሉታል። ቤቱ ባዶውን ከቀረ ሰንብቷል። ትናንት ደግሞ አንዲት ሴት መንገድ ላይ ወልዳ በቃሬዛ ገባች። ኃላፊው ጨንቆት፣ «ቲቸር፣ ቤቱን እንደ አዲስ አስቀባሁ፣ በሩ ላይ የምትስቅ እናት አሣልኩ፤ ታዲያ ለምንድን ነው የማይመጡት?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ቀጥታ አልመለሱለትም። እንዲህ እያሉ አወሩለት።

ሰውየው ክፉ ሰው ነበረ እንዳይባል፣ ክፉ አልነበረም። ኮምፒውተር አለው፣ ፕሪንተር አለው፣ ባለጉዳይ የሚቀመጥበት አግዳሚ አለው። እጁ ፈጣን ነው፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ እሱ ሐሳቡን አስተካክሎ ጽፎ ይጠብቃል። ይህ ሙያ ነው፤ ማንም አይወስድበትም። ግን አንድ ነገር ነበረበት። ቆሻሻ አይወድም። ቆሻሻ የሚለው ደግሞ የማያውቀውን ነገር ሁሉ ነው።

የገና በዓል ደረሰና ሚስቱ ቤቱን ገልብጣ አራገፈች። እሱም እንዳያንስ ብሎ እሑድ ዕለት ሱቁን ከፍቶ ግድግዳውን ኖራ ቀባ፣ አግዳሚውን በሳሙና አጠበ፣ የሸረሪት ድሩን ጠረገ። ሌላ የሚጸዳ ሲያጣ ዓይኑ ኮምፒውተሩ ላይ ዐረፈ። ሰሞኑን ይንቀራፈፍበት ነበር። «ና እስቲ፣ አንተም ለበዓል ታጠብ» አለውና በሆዱ የያዛቸውን ፕሮግራሞች ከፍቶ ማየት ጀመረ።

የሚያውቃቸው ነበሩ። ማመልከቻ የሚጽፍበት አለ፣ የአማርኛውን ፊደል የሚያወጣለት አለ፣ ጉርድ ፎቶ የሚያስተካክልበት አለ። እነዚህ ስክሪኑ ላይ ሥዕል ሥዕል አላቸው፤ በየቀኑ ይነካቸዋል፣ እነሱም ይከፈቱለታል። በመካከላቸው ግን ሌሎች ነበሩ። ሥዕል የላቸውም። ስማቸው የፈረንጅ ሆኖ ጅራቱ ቁጥር ነው። አንድ ቀን ከፍቷቸው አያውቅም፤ እነሱም አንድ ቀን «አለን» ብለውት አያውቁም።

«እናንተ ደግሞ እነማን ናችሁ?» አለ።

ይህ ሰው ያደገው በቀበሌ ቤት ነው። እናቱ ሁለት ክፍል ነበራት፤ አንዱን ለማታውቀው ሰው ሰጡባት። ዕድሜዋን ሙሉ ከደባል ጋር በአንድ በር ስትገባ ስትወጣ፣ በገዛ ጓዳዋ ድምፅዋን ቀንሳ ስታወራ ኖረች። ልጇም ደባል የሚባል ነገር ሲያይ ደሙ ይፈላል። የማይታዘዝ፣ የማይሠራ፣ ቦታ ይዞ የሚያንኮራፋ ሁሉ ለእሱ ደባል ነው።

«ደባል!» አለ። «በገዛ ማሽኔ ላይ ደባል ተደርድሮ ነው ለካ እንዲህ የሚያዘግመው!»

አንድ በአንድ ያስወጣቸው ጀመር። ማሽኑ በየመካከሉ፣ «እርግጠኛ ነህ? ሌሎቹ በዚህ ይጠቀማሉ» እያለ ጠየቀው። «እርግጠኛ ነኝ፤ አንተ ደግሞ ምን አገባህ» እያለ እሺ የሚለውን ተጫነ። ሲጨርስ ልክ ለእናቱ ቤት የተለቀቀላት ያህል ደስ አለው። ቆልፎ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ቢከፍተው ሥዕሎቹ የሉም። ቦታቸው አለ፣ ስማቸውም ከሥራቸው ተጽፏል፤ ፊታቸው ግን ጠፍቶ ሁሉም ነጭ ወረቀት ሆነዋል። ማመልከቻ የሚጽፍበትን ሁለቴ ነካ ነካ አደረገው። አልተከፈተም። ቀይ ምልክት ያለባት አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች፤ በውስጧ ጽሑፍ አለ። ሳያነባት ዘጋት። ደግሞ ነካው፤ ደግማ መጣች። እንደ ዝንብ እሽ አላት።

ይህን ጊዜ አንዲት ሴት ገባች። ወጣት ናት፤ ልጅ አዝላለች። ባሏ ሞቶባታል። የባሏ ወንድም ከስሶ የምትኖርበትን ቤት አስፈርዶባታል፤ የይግባኟ ቀን የሚያልቀው ደግሞ ያን ዕለት ነው። ማመልከቻዋን ዓርብ ጽፎላት፣ ሊያትም ሲል መብራት ጠፋ። «ሰኞ ጠዋት ነይ፤ ማተም ብቻ ነው የቀረው» ብሎ ነበር የሸኛት።

«እንደምን አደሩ ጋሼ። ያቺ ወረቀቴስ?»

«አለች። እዚሁ ውስጥ ናት። ቁጭ በይ።»

አግዳሚው ላይ አንድ ሽማግሌ ቀድመው ተቀምጠዋል። በአንድ የድንበር ክርክር ስንቱን ዳኛ በጡረታ የሸኙ ሰው ናቸው። ጠጋ አሉላት።

«ነይ፣ ነይ ልጄ። እዚህ የተቀመጠ አይቸኩልም።»

«እኔስ እቸኩላለሁ አባባ። ቀኔ ዛሬ ነው።»

ሰውየው ይህን ሰማ። ሰምቶም ሥራ ጀመረ፤ ሰነፍ አልነበረምና። የታየው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። የጠፋው ሥዕል ነው፤ ስለዚህ ሥዕል ይመለስ። ማሽኑ ውስጥ ለመምረጫ የተቀመጠ ብዙ ሥዕል አለ፤ ቁልፍ፣ ኮከብ፣ መጽሐፍ፣ ዛፍ፣ ብዕር። በነጩ ወረቀት ፋንታ ብዕሩን አስቀመጠ። ራቅ ብሎ አየው። ቀጭን ሆነበት። አነሳና ሌላ ብዕር ፈለገ።

«ምኑን እየሠሩት ነው ጋሼ?» አለች ሴትየዋ።

«ፊቱን። ፊቱ ጠፍቶበት ነው እንጂ ውስጡ ደኅና ነው።»

«በፊቱ ነው እንዴ የሚጽፈው?»

ሽማግሌው ሳቅ አሉ። ሰውየው አልሳቀም። ወርቅማ ብዕር አገኘና ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረላት።

«ይኸው! አላማረም?»

«አምሯል። ወረቀቴስ?»

ብዕሩን ነካው። ያቺ ሳጥን ብቅ አለች። ዘጋት።

ከመንገዱ ማዶ የፍርድ ቤቱ በር ክፍት ነው፤ ሰው ፋይሉን በብብቱ ይዞ ይገባል፣ ይወጣል። ሴትየዋ ቆማ ልጇን እየወዘወዘች በሩን ታያለች። ቆየችና፣ «ጋሼ፣ አይቀየሙኝና ካልሆነ ልሂድ። ከጥጉ ያለው ሰውዬ እንደ አዲስ ይጻፍልኝ» አለች።

ይህቺ ነገር አቃጠለችው። ከጥጉ ያለው ሰውዬ ባላንጣው ነው።

«ለዚያ ሰውዬ? እሱ እኮ የከሳሹን ስም ለተከሳሽ የሚሰጥ ሰው ነው! ቤትሽን ልታጪ ነው? ቁጭ በይ እህቴ፤ ደርሷል፤ እኔ አለሁልሽ።»

ተቀመጠች። አምናው ተቀመጠች። ልብ በል፤ ቀኑን የበላባት ማሽኑ አልነበረም፤ ይህ ቃል ነው።

ምሳ ሰዓት ሆኖ ፍርድ ቤቱ ተዘጋና ተከፈተ። ሰውየው ከወንበሩ አልተነሣም። ምናልባት ቦታው ይሆናል ብሎ ብዕሩን ከታች ወደ ላይ አወጣው። ምናልባት ትንሽ ሆኖ ይሆናል ብሎ አተለቀው። አጥፍቶ እንደገና ሠራው። ሌሎቹም እንዳይቀየሙ ይመስል ለየአንዳንዳቸው ፊት መረጠላቸው፤ ከኋላቸውም የአበባ መስክ ዘረጋ። ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ የሠርግ መጥሪያ መሰለ። አንድ ጠበቃ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ ገብቶ፣ «አዲስ ገዛህ እንዴ? ያምራል!» ብሎት ወጣ። ሰውየው ደረቱ ሰፋ። ለዚያች ላንዲት ቃል ሲል ሌላ አበባ ጨመረበት።

የሚከፈት ግን አንድም አልነበረም።

ልጁ አለቀሰ። ሴትየዋ ከጀርባዋ አውርዳ አቅፋው፣ ከሰውየው ኋላ ቆማ ታይ ጀመር። ማንበብ ብዙም አትችልም፤ ግን ዓይን አላት። እሱ ሥዕሉን በነካ ቁጥር ያቺ ሳጥን ስትመጣ፣ እሱም ጽሑፏን ሳያይ ሲዘጋት አየች።

«ያቺ ምንድን ናት ጋሼ?»

«የቷ?»

«ይቺ ብቅ የምትለው። ሳያነቧት የሚዘጓት።»

«እሷማ ዝም ብላ ናት። ማሽን ማጉረምረም ይወዳል።»

«ከጠዋት ጀምሮ እኮ ነው የምታጉረመርመው። ምን ብላ ነው?»

«ተያት እስቲ! ሥራ ላይ ነኝ፣ አታነካኪኝ» አለና ብዕሩን ነካ። ሳጥኗ መጣች። ሊዘጋት ሲል ሴትየዋ ማውሱን የያዘ እጁን በእጇ ጥፍር አድርጋ ያዘችው። የማታውቀውን ወንድ እጅ የምትይዝ ሴት አልነበረችም።

«አትዝጋት!» አለችው። እርስዎ ማለቱ ከዚህ ላይ ቀረ። «ዝጋትና አሳይሃለሁ። አንብባት!»

ሽማግሌው ከአግዳሚው ተነሡ። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። እንግሊዝኛው ከባድ አልነበረም።

«‹ይህን ፕሮግራም መክፈት አልቻልኩም› ነው የሚለው። ‹የሚደገፍበት ነገር ከዚህ ማሽን ላይ ጠፍቷል። እሱን መልሰህ አስገባና እንደገና ሞክር።› ስሙንም ጽፎታል።»

«የጠፋው የት ሄደ?»

ዓይኑን ወደ አበባው መስክ መለሰ።

«አንተ ሰው፣ ጠየቀችህ እኮ» አሉ ሽማግሌው።

«እሑድ... አስወጥቼው ነው።»

«ምን አድርጎህ?»

«ምንም። ደባል መስሎኝ። ምን ላድርግ፣ ሥዕል የለውም! ሲሠራ አይቼው አላውቅም!»

ሴትየዋ እጁን ለቀቀችው።

«ሥዕል የለውም?» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ከፍ ቢል በተሻለው ነበር። «ጽሕፈቱን ተሸክሞ ያቆመው እሱ ነዋ። የተሸከመ ሰው መቼ ይታያል? የጎደለውን በስሙ ጠርቶ ከጠዋት ጀምሮ ሲነግርህ፣ አንተ ዓይኑን ስትኩለው ዋልክ። እኔን ደግሞ አስቀመጥኸኝ። ልሂድ ስልህ አስቀመጥኸኝ!»

ሰውየው ሮጠ። እውነቱን ለመናገር፣ ሮጧል። ገበያው ዳር ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ነበረ፤ ያስወጣቸውን ሁሉ በፍላሽ ይዞ መጣና መልሶ ጫናቸው። እነሱም እንደ ድሮው ስክሪኑ ላይ ሳይታዩ፣ «ተመለስን» ሳይሉ፣ ቦታቸውን ያዙ። ሥራው ወርቅማውን ብዕር መርጦ ለማስቀመጥ የፈጀበትን ያህል እንኳ አልፈጀም። ከዚያ ብዕሩን ነካው፤ ተከፈተ። ብዕር ባይሆን ዛፍም ቢሆን፣ ነጭ ወረቀቱም ቢሆን ይከፈት ነበር። ማመልከቻዋ ዓርብ እንደተዋት ቁጭ ብላለች፤ አንድ ፊደል አልጎደለባትም። አተማት። ሴትየዋ ወረቀቱን ከፕሪንተሩ አፍ መንጭቃ ልጇን በአንድ እጇ እንደታቀፈች መንገዱን ተሻገረች።

እሱ ከበሩ ላይ ቆሞ አየ። ዘበኛው የብረቱን በር እየገፋ ነበር። እሷ ደረሰች፤ በሩ ተገጠመ። ወረቀቱን በብረቱ መሀል አሾለከችለት። ዘበኛው አልተቀበላትም፤ እጁን ወደ ውስጥ ዘርግቶ የተዘጋውን መዝገብ ቤት አሳያት። ምን እንዳላት ሰውየው አልሰማም። እሷ ያለችውን ግን መንገዱ ሁሉ ሰማ፦

«ነገማ ምን ያደርግልኛል!»

ከዚያ በኋላ አልጮኸችም። ከአጥሩ ሥር ቁጭ አለች፤ ነፋስ እንዳይወስደው ወረቀቱን ከጭኗ ሥር አደረገችና ልጇን ማጥባት ጀመረች። ወረቀቱ እንደሆነ ገና ትኩስ ነው።

ሰውየው ወደ እሷ አልሄደም። ዘወር ብሎ ለሽማግሌው፣ «እንግዲህ በእኔ በኩል ጽፌ አስረክቤያለሁ» አላቸው።

ሽማግሌው ከዘራቸውን አነሡ። «አስረክበሃል። ማን ከለከለህ?» አሉት። «ሙሾም እኮ ከቀብር በኋላ ይደርሳል።» የራሳቸውን ጉዳይ ሳያስጽፉ ወጥተው ሄዱ።

መምህርት አሰገደች ታሪኩን እዚህ ላይ አቆሙ።

«ቤቷስ?» አለ ኃላፊው።

«ቤቷን ወሰዱባት። ሌላ ምን ብዬ ላጣፍጥልህ?»

እሱ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አገላበጠ። እሳቸው ቀረብ አሉት።

«አሁን ወዳንተ ልመለስ። ተቆጣጣሪ ይመጣል ተባለና ማቆያውን ማጽዳት አማረህ፤ ደግ አደረግህ። ገብተህ ስታይ ማንን አገኘህ? በየአልጋው ሥር ሰሌን ላይ የሚተኙ አሮጊቶች። የነፍሰ ጡሮቹ እናቶች፣ አማቶች። ካርድ የላቸውም፣ አልጋ የላቸውም፣ በመዋቅርህ ውስጥ ስም የላቸውም። ሥዕል የላቸውም ማለት ነው። ‹ትርፍ ሰው› አልካቸውና አስወጣህ። ከጓሮ ገንፎ የሚያገነፉበትን ጉልቻ ‹ግድግዳ ያጠቁራል› ብለህ አስነቀልክ። ነጭ አንሶላ አነጠፍክ። አየህ፣ ቤቱ የቆመው ግን በአልጋህ አልነበረም። ከወንዝ ማዶ የመጣች የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ልጅ፣ በሰው አገር ማን ወገቧን ሊደግፋት ነው? ማን ሊያጎርሳት ነው? አዋላጇ አንድ ናት፤ እሷም ሰው ናት፤ ትደክማለች። ‹አይዞሽ› የሚላት ማን ነው? ያንተ ግድግዳ?»

«ቲቸር፣ እኔ እንኳ ለንጽሕናው ብዬ...»

«ልጨርስ! አልሰማሁም እንዳትለኝ። ቀበሌ ለቀበሌ የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ፣ ‹ያለ እናታችን አንሄድም እያሉ ነው› ብላ እዚህ ቢሮ መጥታ ነግራሃለች። ምን ብለህ መለስክላት? ‹ግንዛቤ ይጎድላቸዋል።› የጎደለውን በስሙ ጠርተው ነገሩህ፤ አንተ ሳታነብ ዘጋህ። ከዚያ ቀለም ገዛህ። የምትስቅ እናት አሣልህ። ተቆጣጣሪውም መጥቶ ‹ያምራል› አለህ፤ ደስ አለህ። ያቺ የሥዕል እናት ምጥ አይዛትም፤ ገንፎም አታምራት። ትናንት የመጣችውን ግን ምጥ ያዛት። ‹ብቻዬን ከምሄድ› ብላ ስታመነታ፣ ስታመነታ ቆይታ፣ መንገድ ላይ ወለደች። ደሟ እንዴት እንደፈሰሰ ያየኸው አንተ ነህ፤ እኔ አልነግርህም። አሁንም ትጠይቀኛለህ ለምን አይመጡም እያልክ!»

ኃላፊው ቀና ብሎ አላያቸውም። «እሺ ቲቸር» አለ ቀስ ብሎ። «ሥዕሉን አስነሣዋለሁ።»

«ሥዕሉን ማን ነካብህ! ሥዕሉ ምን አደረገ? ደግሞ ከፊቱ ትጀምራለህ?» እጃቸውን ወደ መስኮቱ ሰነዘሩ። «የትናንቷ ወላድ እናት የት እንዳለች ታውቃለህ? እዚያ አጥርህ ጥግ ናት። የገብስ ዱቄት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ከትናንት ጀምሮ ተቀምጣለች። ልጇ ወዲህ ደም አንሷት ተኝታ፣ ዘበኛህ ‹ትእዛዝ የለኝም› ይላታል። ስመጣ በፊቷ አልፌ ነው የገባሁት፤ አፍሬ ሰላም አላልኳትም።»

«ነገ ጠዋት ሠራተኞቹን ሰብስቤ...»

«ምን ነገ!» አሉ መምህርት አሰገደች፤ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «ዘበኛህን ጥራና አስገባት በለው። አሁን። እዚሁ ቆሜ እሰማለሁ።»